ማትሪክ ላይ የማይመጣ ትምህርት

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር ከሆንኩ ወዲህ ከሁሉም አብዝቼ የሰማሁት ጥያቄ «ቲቸር፣ ይሄ ማትሪክ ላይ ይመጣል?» የሚለው ነው። ይህን የሚጠይቁት ሰነፎቹ አይደሉም፤ ሰነፍ ተማሪ የሚመጣውም ሆነ የማይመጣው አያስጨንቀውም። የሚጠይቁት ከፊት ወንበር የሚቀመጡት፣ ርዕሱን በቀይ ዝርዝሩን በሰማያዊ እስክሪብቶ የሚጽፉት፣ መጽሐፍ ያልደረሳቸው እንደሆነ ከጓደኛ ተውሰው ሌሊቱን በእጃቸው የሚገለብጡት ጎበዞቹ ናቸው። «አይመጣም» ያልኩ እንደሆነ እስክሪብቶው ይቀመጣል። «ይመጣል» ያልኩ እንደሆነ ደግሞ ከእኔ የሚፈለገው ማብራሪያው ሳይሆን መልሱ ነው። በዚህ ሙያ ላይ የነበረኝን ተስፋ ቀስ በቀስ የሸረሸረው ብዙ ሰው እንደሚገምተው የደመወዝ ማነስ ወይም የክፍል መጨናነቅ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ ይህን ሲጠይቁኝ ልክ እንደሆኑ ማወቄ ነው።

የማስተምርበት የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንዲት አነስተኛ ከተማ ይገኛል። ከተማሪዎቻችን ብዙዎቹ የገጠር ቀበሌ ልጆች ሲሆኑ ሁለትና ሦስት እየሆኑ ቤት ተከራይተው፣ በገበያ ቀን ከቤተሰብ በሚላክላቸው ስንቅ እየኖሩ ይማራሉ። ለእነዚህ ልጆች ከእርሻውና ወደ ዓረብ አገር ከመሄድ ሌላ የሚታያቸው መንገድ አንድ ነው፤ እሱም በአሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሚሰጠው አገር አቀፍ ፈተና በኩል ያልፋል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያነበቡት፣ የጻፉት፣ የጠየቁትና የሠሩት ነገር እዚያ ሲደርስ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው መልስ መስጫው ላይ የጠቆረው ክብ ነው። ጊዜውም መብራቱም ውስን የሆነበት ልጅ የማይጠየቀውን ለመማር ለምን ይደክማል? እኔም በእሱ ዕድሜ ሳለሁ አልደከምኩም። እንዲያውም መምህር ያደረገኝ ይኸው ፈተና ነው። ሕግ ለመማር ፈልጌ ውጤቴ ስላልደረሰ ወደ ቋንቋ ተመደብኩ፤ ከዚያም ወደ መምህርነት። ከፍተኛ ነጥብ ያመጡትን ለሕክምናና ለምህንድስና ከሰጠ በኋላ የተረፍነውን ቀጣዩን ትውልድ እንድናስተምር የሚመድብ አሠራር ስለ ራሱ ብዙ የሚያስጽፍ ነው፤ ለዛሬ ልለፈው።

የማውቀው የእንግሊዝኛውን ፈተና ስለሆነ ከእሱ ልነሣ። ፈተናው ምንባብ ተነቦ የሚመለሱ ጥያቄዎች አሉት፤ የሰዋስውና የቃላት ጥያቄዎች አሉት። ከእነዚህ ሌላ ቅደም ተከተላቸው የተዛባ ቃላትን የማስተካከል፣ የተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮችን አንቀጽ እንዲሆኑ አድርጎ የማደራጀት፣ በሁለት ሰዎች ንግግር መካከል የተተወውን ክፍት ቦታ የመሙላት ክፍሎች ለዓመታት ሲካተቱበት ቆይተዋል። ሁሉም ምርጫ ናቸው። ይህ ማለት የመጻፍ ችሎታ የሚለካው ሌላ ሰው የጻፋቸውን ዓረፍተ ነገሮች በማሰለፍ ነው፤ የመናገር ችሎታ የሚለካው ሰዎች ሲነጋገሩ በማንበብ ነው፤ ማዳመጥ ደግሞ ከነጭራሹ አይለካም። መማሪያ መጽሐፉ ግን በየምዕራፉ የማዳመጥ፣ የመናገርና የመጻፍ ክፍል አለው። ሥርዓተ ትምህርቱን ያዘጋጁት ሰዎች ቋንቋ እንዴት እንደሚለመድ ጠፍቷቸው አያውቅም። ነገር ግን መጽሐፉና ፈተናው ሲጋጩ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ፈተናው ስለሆነ፣ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አብዛኛውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ሲማር የኖረ ልጅ አንዲት ሙሉ አንቀጽ ጽፎ ሳይመዘንባት ዩኒቨርሲቲ ይገባል። የመጻፍ ክፍለ ጊዜው የት ሄደ ብትሉኝ፣ ያለፉት ዓመታት የፈተና ጥያቄዎች ተሰብስበው የተሠሩበት ወርክሺት ቦታውን ይዞታል እላችኋለሁ።

በሌሎቹ የትምህርት ዓይነቶችም ነገሩ ያው ነው። የኬሚስትሪ ባልደረባዬ ስለ ቲትሬሽን፣ ማለትም ሌላ ፈሳሽ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ የአንድን ፈሳሽ ጥንካሬ ስለ መለካት፣ ያስተምራል፤ የሚለካበት የመስታወት ቱቦ፣ ቢሬቱ፣ ግን ቁልፍ በተበጀለት ክፍል ውስጥ፣ በመጣበት ካርቶን እንደተቀመጠ ነው። ለምን እንደማያወጣው ጠይቄው ነበር። ፈተና ላይ ስለ ቲትሬሽን የሚመጣው ቁጥር ተሰጥቶ ቁጥር የሚፈለግበት ጥያቄ ስለሆነ ልጆቹ ቀመሩን ከያዙ በቂ ነው አለኝ፤ ስልሳ ልጅ አንድ ቢሬት እየነካ ሁለት ክፍለ ጊዜ ከሚባክን በእነዚያ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ሠላሳ ጥያቄ ይሠራሉ። ሒሳቡ አይሳሳትም። የታሪክ መምህሩም ዘንድ ብትሄዱ የውጫሌ ውልን አወዛጋቢ አንቀጽ ቁጥር ቢጠየቁ ሳያመነቱ 17ን የሚያጠቁሩ ልጆች አሉት፤ ጠቡ በምን እንደተነሣ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ ቢባሉ ግን የሚጀምሩበት ይጠፋቸዋል። ይህን የምለው ባልደረቦቼን ለመውቀስ አይደለም። ከላይ የሚጠየቁት በማለፊያ መቶኛ ስለሆነ እነሱም እንደ ተማሪዎቻቸው የሚያስቡት ስለሚመጣው ነው።

ፈተናው ዛሬ ያለበትን መልክ የያዘው እንዲሁ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃን ለሁለት ከፍሎ አሥረኛ ክፍል ላይ አንድ አገር አቀፍ ፈተና፣ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ላይ ሌላ እንዲኖር አድርጎ ነበር፤ የአሥረኛ ክፍሉ እስከ 2011 ቆይቶ ቀርቷል። የእኔ ዘመን ሰዎች ሁለቱንም ተፈትነናል። በዚያን ጊዜ የነበረውን ኩረጃ ያየ ሰው ስለ ፈተና ፍትሐዊነት ሲወራ ዝም ብሎ አይሰማም። ኋላ ላይ ደግሞ ተማሪዎች በአንድ ለአምስት እንዲደራጁ ሲደረግ፣ ጎበዙ አምስቱን እንዲያስጠና የታሰበው አደረጃጀት ፈተና ክፍል ውስጥም ገብቶ ጎበዙ ለአምስቱ የሚያስኮርጅበት ሥርዓት ሆነ። በግንቦት 2008 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በመጀመሪያው ቀን በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቅቆ ተሰረዘ፤ በኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች በተቃውሞው ምክንያት ለወራት ተዘግተው ስለነበር ፈተናው ይራዘም የሚል ጥያቄ ሰሚ አጥቶ መቆየቱ ከነገሩ ጀርባ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት አንዳንድ ዓመታት አገሪቱ ለፈተና ሲባል ኢንተርኔት እስከ መዝጋት ደረሰች። አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንት ዓመት የሆናቸው ልጆች ወረቀት እስኪሞሉ ድረስ ባንክና ሆስፒታል ከኢንተርኔት ውጪ የሚሆኑበት ሌላ አገር ብዙ ያለ አይመስለኝም። ያም ሆኖ የተነካው የፈተናው አሰጣጥ ብቻ ነበር፤ የጥያቄዎቹን ዓይነት ማንም አላነሣም።

የመጨረሻው መፍትሔ በ2014 የትምህርት ዘመን ተፈታኞች ላይ ተጀመረ። ተማሪዎቹ ስልክ ሳይዙ በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገቡ፤ ፈተናውም በጥቅምት 2015 አካባቢ በሁለት ዙር ተሰጠ። ውጤቱ ጥር ላይ ሲገለጽ ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ወይም 3.3 በመቶ ብቻ እንደሆኑ የትምህርት ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ለአገሩ ተናገሩ። ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,161ዱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በቀጣዩ ዓመት ቁጥሩ 3.2 በመቶ ሆነ፤ ምንም ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶችም 1,328 ደረሱ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል።

ፈተናውን ወደ ዩኒቨርሲቲ መውሰዱን ደግፌዋለሁ፤ አሁንም እደግፈዋለሁ። የምከራከረው ከዚያ በኋላ በተደረገው ነገር ነው። 3.3 በመቶ የሚለው ቁጥር አንድን እውነት ነግሮናል፤ ከዚያ በፊት የነበረው ውጤት ውሸት እንደነበር። ከዚያ አልፎ ግን ምንም አልነገረንም። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ያጠቆረ ሰው ሩቡን ያገኛል። እንግዲህ ሠላሳ ያመጣው ልጅ ምን ያውቃል? ምንባቡን አንብቦ ያልገባው ነው፣ ወይስ ማንበቡ ራሱ ያቃተው? ፊዚክሱን ያልተረዳው ነው፣ ወይስ ፊዚክሱ የተጠየቀበትን እንግሊዝኛ? በስንተኛ ክፍል ላይ ነው የተቆረጠው? ለ97 ከመቶዎቹ ልጆች ፈተናው የሰጠው መልስ «አይደለህም» የሚል ብቻ ነው። እኔ እንደ መምህር ከውጤቱ ዝርዝር ላይ ነገ ክፍል ገብቼ የማስተካክለው አንድም ነገር አላገኘሁም። የሚገርመው ደግሞ አገሪቱ ይህን ለማወቅ ማትሪክን መጠበቅ አልነበረባትም፤ በአራተኛና በስምንተኛ ክፍል በናሙና የሚሰጠው አገር አቀፍ የትምህርት ቅበላ ጥናት ከ1992 ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ ሲካሄድ አማካይ ውጤቱ ከሃምሳ በታች እንደሆነ ደጋግሞ ሲናገር ኖሯል። ያ ጥናት ማንንም ስለማያሳልፍና ስለማይጥል ጋዜጣዊ መግለጫ የሚያሰጥ ወሬ አልሆነም።

እኛ ትምህርት ቤት በዚያ ዓመት ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ውጤቱ እንደተሰማ በተጠራው ስብሰባ ላይ ርዕሰ መምህሩ ከወረዳ ይዘውት የመጡትን ዕቅድ አነበቡልን፤ ቅዳሜና እሑድ ቲቶሪያል ይሰጣል፣ በየወሩ ሞዴል ፈተና ይኖራል፣ እያንዳንዱ መምህር የስንት ዓመት ጥያቄ ሰብስቦ እንዳሠራ ሪፖርት ያደርጋል፣ በዓመቱ መጨረሻ የማለፊያው መቶኛ ምን ያህል እንደሚያድግ ፈርሞ ይቀበላል። እጄን አውጥቼ፣ ልጆቹ የወደቁት ጥያቄ ስላላዩ ሳይሆን ማንበብና ማሰብ ሳይለምዱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለደረሱ ነው፤ ጥያቄ ማጥናት ሲያጠኑ ነው የኖሩት አልኩ። ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም። «ልክ ነህ፤ ግን እኔን የሚጠይቁኝ በዘንድሮ ተፈታኝ ነው እንጂ በአራተኛ ክፍል ልጅ አይደለም» አሉኝ። ዕቅዱ ላይ ፈረምኩ፤ ያልፈረመ ሰው የለም።

በዚያው ዓመት ግን በአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ ላይ የራሴን ነገር ጀመርኩ። በየሳምንቱ አንድ አንቀጽ ይጽፋሉ፤ ርዕሱ ከራሳቸው ኑሮ የሚወጣ ይሆናል፤ እኔም ስሕተቱን ሁሉ በቀይ ከማቅለም ይልቅ ሁለት ነገር ብቻ አርሜ አንድ ጥያቄ ጽፌበት እመልሳለሁ። የስልሳ ልጅ ደብተር ያረመ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል፤ አራት ክፍል ሲሆን ደግሞ ሌሊቱም አይበቃም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያነበብኩት በጣም አሳዛኝ ነበር። አብዛኞቹ አንዱ የሌላውን ገልብጠው፣ ወይም ከመጽሐፍ ላይ ቆርጠው ያመጡ ነበሩ፤ ለዚህም ምክንያቱ ስንፍና ሳይሆን ጽሑፍ ማለት ከራስ የሚወጣ ነገር እንደሆነ ነግሯቸው የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነበር። ቀስ በቀስ ነገሩ ተለወጠ። አንዲት ልጅ እናቷ አረቄ አውጥታ የቤት ኪራይ እንዴት እንደምትከፍልላት፣ የጌሾውንና የብቅሉን ዋጋ ጭምር እየጠቀሰች ጻፈች። ግሡ ሁሉ የተሳሳተ ነበር፤ ነገር ግን መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ነበረው፤ እኔም በኅዳጉ ላይ «ጌሾው በየትኛው ወር ነው የሚወደደው?» ብዬ ጠየቅኋት። በሚቀጥለው ሳምንት የገበያውን ሁኔታ በሙሉ ገጽ መልሳ አመጣችልኝ። በተዘበራረቁ ዓረፍተ ነገሮች ጥያቄ ላይ ይህች ልጅ ከክፍሏ መካከለኛ ነበረች።

ሙከራዬን ያስቆመው ከላይ የመጣ ትእዛዝ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ይቀል ነበር። ያስቆሙት ተማሪዎቹ ናቸው። የክፍል አለቃው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በትሕትና መጣና «ቲቸር፣ ጽሑፉን ወደነዋል፤ ግን ሌላው ሴክሽን የ2010ንና የ2011ን ጥያቄ ጨርሷል፤ እኛ ወደኋላ እየቀረን ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ አንድ አባት ከገጠር ገበያ ሲመጡ በዚያው አጋጣሚ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ልፋትዎን ልጄ ነግሮኛል። ግን ልጄን የላክሁት እንዲያልፍልኝ ነው እንጂ ደራሲ እንዲሆን አይደለም» አሉኝ። ምን ይመለሳል? መጻፍ የሚችል ልጅ ማንበብም እንደሚችል፣ ማንበብ የሚችል ልጅ ደግሞ ፈተናውንም እንደሚያልፍ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም አዳምጠውኝ ሲያበቁ «ታዲያ ይህ ከሆነ ለምን አይፈተኑበትም?» ብለው ጠየቁኝ። ከሰማኋቸው ክርክሮች ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ አላጋጠመኝም። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት አንቀጹ በሳምንት መሆኑ ቀርቶ በወር ሆነ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርሱ ደግሞ እኔው ራሴ ወርክሺት አዘጋጅቼ ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲህ መጻፍን የማስተምረው በዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ፈተናው ሩቅ ስለሆነ የሚከለክለኝ የለም።

ፈተናን ጨርሶ የሚጠሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ በተለይም ውጭ አገር የተማሩ አንዳንድ ወዳጆቼ ተማሪ በአንድ ወረቀት መመዘን የለበትም፣ መምህሩ ዓመቱን ሙሉ የሰጠው ውጤት ይታሰብለት ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ የምቃወምበትም ምክንያት በቅርብ ስለማውቀው ነው። ሃያ አምስት ከመቶ አምጥተው የወደቁ ልጆች ትራንስክሪፕታቸው ላይ ሰማንያና ሰማንያ አምስት ሲደረደር አይቻለሁ። ብዙ ተማሪ የጣለ መምህር ለምን ጣልክ ተብሎ ይጠየቃል፤ ማካካሻ ፈተና እንዲሰጥ ይነገረዋል፤ የወረዳው ሪፖርት ላይ የሚሞላው የመጠነ ማለፍ አኃዝ እንዳይወርድ ይለመናል፤ ከዚያም አልፎ የተማሪው ዘመድ ቡና ይጋብዘዋል። በትንሽ ከተማ ውስጥ መምህር ማለት የሁሉም ጎረቤት ነው። የመልስ ወረቀቱን የሚያነበው ማሽን ግን ልጁ የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ አባቱ ምን ሹመት እንዳለው አያውቅም። አረቄ አውጪዋ እናት ልጅ ከሹሙ ልጅ ጋር እኩል የምትሆንባት ቦታ ብትኖር ያቺ አዳራሽ ናት። ይህን የሚያፈርስ ሐሳብ ይዞ የሚመጣ ሰው በድሃ ልጅ ላይ እየፈረደ መሆኑን ልብ ይበል።

ይሁንና ያ እኩልነት ከአዳራሹ በር ውጪ አይዘልቅም። በአንድ በኩል ከመላ አገሪቱ ተመርጠው የገቡ ልጆች የሚማሩባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶችና የከተማ የግል ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በሌላ በኩል አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመ መጽሐፍ በጊዜው ሳይደርሳቸው ቀርቶ በስልክና በፍላሽ በሚዞር ቅጂ የተማሩ፣ ስልክ የሌላቸው ደግሞ ባለ ስልክ ሲያነብላቸው የቆዩ ልጆች አሉ። በግጭት ምክንያት ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ቤታቸው የተቀመጡም አሉ፤ በእኛ ክልል ይህ ለማንም አዲስ ወሬ አይደለም። የማለፊያው ነጥብ ለሁሉም ሃምሳ ከመቶ ሲሆን እኩል መስፈርት መሆኑ እርግጥ ነው። ፈተናው ልዩነቱን ፈጥሯል አልልም፤ አገሪቱ ልዩነቱን የምታክምበትን ገንዘብና ሐሳብ ሁሉ ለፈተናው ጥበቃ ስታውለው ግን ቅር ይለኛል። ተማሪዎቹን የሚያጓጉዙት አውቶቡሶች፣ ጥያቄውን የሚያጅበው ፖሊስ፣ ለፈታኞች የሚከፈለው አበል፣ አሁን ደግሞ በኮምፒዩተር ለሚፈተኑት የሚዘጋጀው መሣሪያ ሁሉ የሚጠብቀው በአንድ ክብ ላይ የሚያርፈውን ምልክት ነው።

ከማትሪክ በኋላም ያው ዘዴ ይቀጥላል። ሃምሳ ካላመጡት መካከል በአንጻሩ የተሻሉት ሪሚዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት ይገባሉ፤ ጥቂት ወራት እንደገና ተምረው መጨረሻ ላይ ከማዕከል የመጣ ፈተና ይጠብቃቸዋል። ዩኒቨርሲቲውን ሲጨርሱ በ2015 የተጀመረው የመውጫ ፈተና አለ፤ በመጀመሪያው ዙር ከተፈታኞቹ ያለፉት 40.65 በመቶ ነበሩ። እሱም ምርጫ ነው። ከታች ደግሞ ስድስተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ ክልላዊ አለ። አንድ ልጅ ከስድስተኛ ክፍል እስከ ዲግሪው ድረስ በእያንዳንዱ ወሳኝ ደጃፍ ላይ ቆሞ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ሲል ኖሮ ሥራ ሲይዝ ቃለ ጉባኤ ጻፍ ይባላል። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶቻችንን ደብዳቤዎች ያነበበ ሰው ውጤቱን ያውቀዋል።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ውስጥ ተማሪው በራሱ እጅ የሚጽፈው አንድ አንቀጽ ይግባ። ከመቶው አሥር ነጥብ ይበቃዋል። ይህን ባነሣሁበት ሁሉ የሚገጥመኝ መልስ «የተፈታኙ ቁጥር ብዙ ነው፤ ማን ያርመዋል?» የሚል ነው። ጎረቤታችን ኬንያ በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዋ ላይ ተማሪዎች ድርሰት እንዲጽፉ ታደርጋለች፤ መምህራን በማረሚያ ጣቢያ ተሰብስበው ያርሙታል፤ ተፈታኞቿም በቅርብ ዓመታት ከ900 ሺህ በላይ ናቸው። የእኛዎቹ በ2017 ከ585 ሺህ ትንሽ ቢበልጡ ነው። ኬንያም የኩረጃና የፈተና ስርቆት ጣጣ ያልደረሰባት አገር አይደለችም፤ በዚያም ምክንያት ድርሰቱን አላስቀረችም። እዚህም መምህራን ለፈታኝነት ከዞን ዞን እየተጓዙ፣ አበል እየተከፈላቸው በክረምት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሰነብታሉ። ፈተናው ሲያልቅ የቋንቋ መምህራኑ እዚያው ቀርተው፣ ስምና ትምህርት ቤት ተሸፍኖ ኮድ ብቻ የሚታይበትን ወረቀት ሁለት ሁለት ሆነው ቢያርሙ፣ ነጥባቸው የተራራቀውን ሦስተኛ ሰው ቢያየው፣ የጎረቤት ልጅ የሚለይበት መንገድ የለም። የእጅ ጽሑፉን ያውቀዋል እንዳይባል ደግሞ የሰሜን ሸዋውን ለጅማ መምህር፣ የጅማውን ለእኛ መላክ ይቻላል።

የእርማቱ ጥራት መጀመሪያ ላይ ወጣ ገባ እንደሚሆን አልክድም፤ ራሳችን መምህራኑ ጽሑፍ ማረም የተማርን ብዙ አይደለንም። አሥሩ ነጥብ ማንንም ብቻውን ስለማይጥል ለዚያ የሚሆን ጊዜ ይሰጠናል። የመማር ማስተማር ሥልጠና ተብሎ በየዓመቱ ሆቴል ተሰብስበን የምንሰማው ነገር በአንድም ክፍል ውስጥ ያልለወጠውን፣ እነዚያ አሥር ነጥቦች በአንድ ወሰነ ትምህርት ይለውጡታል ብዬ አስባለሁ፤ ምክንያቱም ርዕሰ መምህሩ የአንቀጽ ወርክሺት ይጠይቀኛል፣ ወረዳው ስንት አንቀጽ እንዳጻፍኩ ሪፖርት ይፈልጋል፣ ያ አባትም ሲመጡ የሚሉኝ ልጄ ስንት ጻፈ ነው።